ዜማው ሌላው ጋር ነው

ሚጡዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታገኚው ቫዮሊንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ሮዚን የምትዪው ሙጫ የሚቀመጥባት ትንሽ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። ሻንጣሽ ውስጥ ባደርገው ለዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶቹ የሙዚቃ ዝግጅት ዳሬሰላም ደርሰሽ፣ አራት ሌሊት አድረሽ፣ ሳታዪው ትመለሻለሽ። ሻንጣ ፈትተሽ ልብስ ስታወጪ አይቼ አላውቅም፤ ከላይ ከላይ እየመዘዝሽ ነው የምትለብሺው። ሮዚኑን ግን ልምምድ ሳይጀመር ትፈልጊዋለሽ።

"ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው" እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ሁልጊዜ "እሺ አባዬ፣ እሺ፣ በቃ ቻው" ነው። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

መጀመሪያ የእናትሽን መልእክት ላድርስ፤ አለበለዚያ ቤት ውስጥ መኖር አልችልም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽ ፓስፖርትሽ ውስጥ ነው። ማታ አጎበር ውስጥ ግቢ። ሞቀኝ ብለሽ ገልጠሽው እንዳትተኚ። የሚያሳድሩሽ ቤተሰቦች ጾም ላይ መሆንሽን ያውቃሉ። ነገሩን ለማስረዳት አስተማሪሽ ሦስት ኢሜይል ጽፋ፣ በመጨረሻ "ቪጋን ናት" ሲባል ሁሉም ገባቸው አሉ። እናትሽ እስካሁን አልገባትም። ልጇ በአንድ ቃል ሃይማኖት የቀየረች መስሏታል። ከተማው ባሕር ዳር ስለሆነ ዓሣ መቅረቡ አይቀርም። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚያ እንዳትከፍቺው፤ እዚህም አላለቀም።

ትናንት ማታ ስታለቅስ ሰምተሻታል መሰለኝ። "አራት ሌሊት እኮ ነው" ብላት "አንተ ምን ታውቃለህ" አለችኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ነገር አነሳሁባት። እማሆይ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲላኩ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ነው የሄዱት፤ ኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ከሆኑት ማለት ነው። ዓለም ሁሉ በፒያኖ ያወቃቸው እኚህ ሴት እዚያ የተማሩት ቫዮሊን ነበር። በስድስት ዓመቷ ከአገር የወጣች ልጅ እያለች የኔዋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለአራት ቀን ብትሄድ ምን ይባላል? እናትሽ ሰምታኝ ሰምታኝ "የሳቸው እናት አላለቀሱም ያለህ ማነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

ጥቅምት ላይ ለኦርኬስትራው ምርጫ ያን የቫዮሊን ቅጂ የላክንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? የሚመርጡት በድምፅ ብቻ ነው ብለሽ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኘሽው። መጀመሪያ ሳሎን ሞከርሽ። መሀሉ ላይ ስትደርሺ ከውጭ "ቆራሌውው!" አለ። ሁለተኛው መኝታ ቤት ነበር፤ ጥሩ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ መብራት ጠፋና ፍሪጁ እንደ ልማዱ አቃስቶ ቆመ። ሦስተኛውን መስኮት ዘግተን፣ በሩ ሥር ፎጣ ጎዝጉዘን፣ እኔ ቆራሌው ተመልሶ እንዳይመጣ በር ላይ ቆሜ ነው የጨረስሽው። ከዚያ ተመረጥሽ ተባለ፤ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። በሳምንቱ ደግሞ ኖታው መጣ፤ ላዩ ላይ "ሁለተኛ ቫዮሊን" ይላል። ክፍልሽን ዘግተሽ ገባሽ።

እዚህ ላይ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። በማግስቱ ለአስተማሪሽ ደወልኩላት። እንዳትናደጂ። የአገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታሰበው "ሰው አለን ወይ?" ነው። እኔም እንደ ሰው ሆኜ ልቅረብ ብዬ ነው። "ልጄ ሁለተኛ ወጣች አሉ፣ ትንሽ ቢታሰብበት" አልኳት። የቀበሌ ጉዳይ መስሎኛል። ሴትዮዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሁለተኛ ማለት ደረጃ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ነው አለችኝ። ጎበዞቹ ሁሉ አንድ ወገን ከተሰበሰቡ ኦርኬስትራው ያጋድላል። "ሁለተኛ የማደርገው የሌላውን ሰው ድምፅ እየሰማ መጫወት የሚችለውን ነው" አለች። አመስግኜ ዘጋሁ። ላፌ እንጂ ነገሩ ለልቤ አልገባውም ነበር።

የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ በየማታው አንድ ነገር ሰማን። ተን ተን ተን ተን። ከዚያ ዝምታ። ከንፈርሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥሪያለሽ። 16 ባር፣ ማለትም 16 የምት ክፍል፣ ዕረፍት ነው አልሽኝ። ከዚያ እንደገና ተን ተን ተን፣ አንድ ረጅም ድምፅ፣ አለቀ። እኔ እራቴን እየበላሁ ዘፈኑ መቼ እንደሚጀምር እጠብቃለሁ። ጎረቤታችን እማማም በግንቡ በኩል ይሰሙሻል፤ አንድ ቀን በር ላይ ይዘውኝ "ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ትቃኛለች፤ መቼ ነው የምትጫወተው?" አሉኝ። ገብቼ ያንኑ ጠየቅኩሽ። "ዜማው የት አለ?" አልኩሽ። ቀና እንኳ ሳትዪ፣ እርሳስሽን ጆሮሽ ላይ እንደሰካሽ፣ "ዜማው ሌላው ጋር ነው" አልሽ።

ሌላው ማን እንደሆነ ግን አታውቂውም። ሉሳካ ያለ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሐራሬ ወይ ማፑቶ ያለች አንዲት ልጅ በዚያው ሰዓት ክፍሏ ተቀምጣ የራሷን ቁራጭ ታለማምድ ይሆናል። የሷ አባትም ከኔ ይልቅ ዕድለኛ ሆኖ ዜማው ደርሶት ይሆናል። ወይም የቸሎው ደርሶት ግርር ግርር ብቻ እየሰማ ራሱን ያመዋል። በየከተማው የተበተነ አንድ ሥራ፣ ማንም ቤት ሙሉው የሌለ። ይሄ ነው ያስገረመኝ።

የትምህርት ቤቶቹን ነገር ስሰማ መጀመሪያ ውድድር መስሎኝ ነበር። የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በኳስ ሲገናኙ ዋንጫ አለ፤ ሰው ተሸንፎ ያለቅሳል። በሙዚቃው ዋንጫ የለም። በአውሮፓና በእስያ ያሉትንም ኤሚስ የሚባል ማኅበር በዚሁ መንገድ ያሰባስባቸዋል፤ ባንዱን፣ መዘምራኑን፣ ኦርኬስትራውን። ኖታው ቀድሞ ይላካል። እያንዳንዱ ቤቱ ያጠናል። ከዚያ የማይተዋወቁ ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጡና፣ አይተውት የማያውቁት ኮንዳክተር እጁን ያነሳል። ቀናቱ ጥቂት ናቸው። በመጨረሻው ማታ ኮንሰርት፤ በማግስቱ ሁሉም ወደየአገሩ። ለሦስት ቀን ተሠርቶ የሚፈርስ ቤት በይው።

ይህን ሁሉ ቢሮ ምሳ ላይ እያወራሁ "የኛ ሙዚቃ ግን እንዲህ አይደለም፤ እኛ ሁላችንም አንድ ዜማ ነው የምንከተለው" አልኩ። እውነቴን ነበር። ማኅሌት ስንቆም፣ ከበሮውም ጸናጽሉም መቋሚያውም ያንኑ አንድ ዜማ ነው የሚያጅቡት። ሠርግ ላይም አውጪው ይላል፣ እኛ እንቀበላለን። አጠገቤ የአርባ ምንጭ ልጅ ተቀምጧል። እንጀራውን ትቶ ቀና አለ። "'የኛ' ስትል የማን ነው?" አለኝ። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ሰምተህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በላዩ ሌላ ድምፅ ይዞ ይገባል፣ ሌላው ከሥር፤ ሁሉም የተለያየ፣ ሁሉም አንድ ላይ። የደራሼን ፊላ ደግሞ ጨመረልኝ። ቀርከሃ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ይይዛል፤ ተራውን ጠብቆ ይነፋል፤ ዜማው በክቡ ውስጥ ከሰው ሰው እየዘለለ ይዞራል። "አንዱ ቢቀር ዜማው ጥርሱ የወለቀ ይሆናል" አለ።

ያኔ እምቢልታ ትዝ አለኝ። ለራሴ አፈርኩ፤ እሱን እንኳ ረስቼው። እምቢልታ እኮ እንደ ዋሽንት በጣት የሚከደን ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ቢያወጣ ነው። ነፊዎቹ ሦስት ይሆናሉ። አንዱ ኡ ይላል፣ ያኛው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይሞላል። ብቻውን የቆመ የእምቢልታ ነፊ ከብት የጠፋበት እረኛ ነው የሚመስለው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን ንጉሥ የሚወጣበት ሙዚቃ ነበር። እና በየማታው "ይቺ ልጅ ምን ነካት" ስል የነበርኩት፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ያልመጡለት እምቢልታ እያዳመጥኩ ነው ለካ።

አንድ ሌላ ነገር። መክፈቻው ምሽት ላይ የባህል ልብስ ይለበሳል ብላችኋል። እናትሽ የሀበሻ ቀሚስሽን ሁለት ጊዜ ተኩሳዋለች፤ ልበሺው፣ ያምርብሻል። አክስትሽ ስልክ ደውላ "አገርሽን አስጠሪ" ያለችሽንም ሰምቻለሁ። እኔ እዚህ ላይ ከሷ እለያለሁ። በአንዳንድ ዝግጅት ልጁ ሁሉ ባንዲራ ተሸክሞ ይሄድና፣ አምስት ደቂቃ የራሱን አሳይቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ የሌላውን ስልኩን እየነካካ አይቶ ይመለሳል። ኤግዚቢሽን ነው። አንቺ የምትሄጂው ግን ለሌላ ነገር ነው። ከሞዛምቢክ የመጣችው ልጅ ዜማውን ስትይዝ ከሥር ሆነሽ ልትሸከሚላት ነው። እሷ ስትፈጥን ልትፈጥኚ፣ ስትተነፍስ ልትጠብቂያት። ለዚያ ባንዲራ አያስፈልግም፤ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው።

ደግሞስ የአገር ሙዚቃ የሚባለውን ነገር ታሪኩን ብታዪው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው የአርመን ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና 40ዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" ይባላሉ እስካሁን። ያሠለጥናቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ። ከ40 ዓመት በላይ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመለት መዝሙር የአንድ አርመን ሥራ ነው። አማርኛ ገና ያልለመዱ፣ እናት አባት የሌላቸው ልጆች ናቸው ለኛ የነፉልን። ስለዚህ አክስትሽ አገር አስጠሪ ስትልሽ "እሺ" በያትና ቀስትሽን አጥብቂ።

እራት ላይ ግን "እስቲ ከአገርሽ የሆነ ነገር" ማለታቸው አይቀርም። ፒያኖ ካላቸው ያን አንቺው ያሳየሽኝን ዘዴ አድርጊ፤ ፋ ሻርፕ ከሚባለው ጥቁር ቁልፍ ተነሺና ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ። ትዝታ ቅኝት እዚያው ተኝቶ ይገኛል። ሜጀሩ ማለቴ ነው። ይደነቃሉ። አንቺሆዬን አትሞክሪው፤ ባለፈው ቤት ውስጥ ስትሞክሪው ድመቷ ወጥታ ሄዳለች።

የአክስትሽን ልጅ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ ነበረብኝ፤ ግን ሆዴ ውስጥ አለ። እሑድ መጥቶ ስለ ጉዞሽ ስነግረው አዳመጠኝ። ታውቂዋለሽ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ይዘምራል። ከ30 ሰው ጋር አብሮ መተንፈስ ካንቺ አስበልጦ ያውቃል። ጨርሼ ሳበቃ "ጋሼ፣ ዓለም አቀፍ የሚባለው ማን ማን ነው?" አለኝ። ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ምን ልበለው? መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ቤት ክፍያሽን ባይሸፍን አንቺም ከሱ ጋር ነበርሽ። ከቤታችን በታክሲ የሚደረስበት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ካንቺ እጥፍ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ እነሱን ዳሬሰላም የሚጠራቸው የለም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቅር እንዲልሽም አይደለም የጻፍኩት። ግን ከተመለስሽ በኋላ ልጁ ሲጠይቅሽ ስላደርሽበት ቤትና ስለ ባሕሩ ብቻ እንዳትነግሪው። ኖታውን አሳዪው። አንዱን ድምፅ በአፉ ይያዝልሽ፤ ይችላል።

ጥቂት የሚጠቅሙ ነገሮች። ቫዮሊኑን ለማንም አትስጪ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ በእጅሽ ይዘሽው ነው የምትገቢው። የኛ ከተማ ደረቅ ነው፣ እነሱ ጋር እርጥበት ነው። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፤ ክር ማጠንጠኛዎቹ አብጠው እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። በጉልበት አትታገያቸው፤ ክር ይበጠሳል። የመጀመሪያውን ቀን ቀድመሽ ገብተሽ ሳጥኑን ከፍተሽ ትንሽ ይልመድ። እርሳስ ሁለት አድርጌልሻለሁ። እስክሪብቶ ይዘሽ እንዳትገቢ፤ ኮንዳክተሩ ቀስት ወደ ላይ ያለውን ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ሊለው ይችላል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

ይህን ደግሞ አታውቂውም ብዬ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት እዚያም አንድ ሰዓት ነው፤ "ሳ ሞጃ" ይሉታል። የልምምዱ ፕሮግራም በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ እዚያ እንዳትምታቺ። ለቤቱ ሠራተኛ ወይም ለሾፌሩ "ሳ ሞጃ" ብትይ ግን እንደ አገርሽ ሰው ነው የሚሰማሽ።

ክፍሉን ከሌላ ልጅ ጋር ነው የምትጋሪው አሉ። ከየት እንደሆነች ገና አልታወቀም። የምትይዘውን መሣሪያ ጠይቂያት። ዜማው እሷ ጋር ከሆነ ከኛ ቤት ሦስት ወር ሙሉ እንደጠበቅናት ንገሪያት።

ቅዳሜ ማታ ኮንሰርቱ በኢንተርኔት ይተላለፋል ተብሏል። መብራት ከጠፋ ብዬ የስልኬን ባትሪ ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ፤ እናትሽ ቡና ልታፈላ ነው። እማማንም ጠርቻቸዋለሁ። "መቃኘቱን ጨረሰች?" አሉኝ። ጨርሳለች፣ ቅዳሜ ማታ ትጀምራለች ብያቸዋለሁ።

አባትሽ